በጾም የሞላች ጨረቃ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አባቶቻችን። ልክ ናቸው፤ ብቻ እነሱ ይህን ተረት ሲያወጡ በየጓዳው ኪኒን አልነበረም። የዛሬ ሰው በሽታውን አይደብቅም። እንዲያውም ሰላምታውን ሳይጨርስ ነው የሚያራግፍላችሁ፤ ጨጓራው፣ ወገቡ፣ ግፊቱ፣ ከተቀመጠበት ሲነሣ ዐይኑን ጭልም የሚያደርገው፣ አንድ ሳይቀር ትሰማላችሁ። የሚደብቀው መድኃኒቱን ነው። ምን እንደሚውጥ፣ ከማን እንዳገኘው፣ ሐኪሙ «ለጥቂት ጊዜ» ያለውን በገዛ ሥልጣኑ ስንት ወር እንዳስረዘመው ብትጠይቁት፣ «ኧረ ምንም፣ ጠበል ብቻ» ይላችኋል። ጠበልም ስንቱን ተሸክሞ ዝም አለ።

መደበቁ ደግሞ ያለ ነገር አይደለም። በእኛ አገር ታሞ መተኛት ክብር አለው፤ ጠያቂ ይጎርፋል፣ ጎረቤት እርሻውን ያርስለታል፣ የተጣላም ለጊዜው ይታረቃል። ኪኒን እየዋጡ በሁለት እግር መሄድ ግን ያስጠረጥራል፤ «ምን ቢይዘው ነው?» ያሰኛል። ስለዚህ ኪኒን ከጎታ ኋላ፣ ከፍራሽ ሥር፣ ከቡትቶ መካከል ይኖራል። የአጎቴ የየኔታ ጥበቡ ኪኒን የሚኖረው ግን ጥምጣማቸው እጥፋት ውስጥ ነበር። የካህን ጥምጣም ማን ይዳብሳል?

እኔ ፍኖተ ሰላም የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። የኔታ ጥበቡ የእናቴ ወንድም ናቸው፤ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ሲመጣ ከአስፋልቱ ገባ ብላ ባለች የገጠር ደብር ቅኔ ያስተምራሉ። የቅኔ መምህር ቤት ዘመድ የሌላችሁ ምን ማለት እንደሆነ አታውቁትም። እሳቸው ቤት ነገር በቀጥታ መንገድ ገብቶ አያውቅም። ውኃ ሲጠማቸው ስለ ዓባይ ያነሣሉ፤ እንግዳ ሲበዛባቸው የጀምበሯን መውረድ ያደንቃሉ። ባለቤታቸው እትዬ አንጓች ፊደል አልቆጠሩም፤ ግን ዕድሜ ልካቸውን ከእሳቸው ጋር ኖረው ሰሙን ከወርቁ እንደ ጤፍና እንክርዳድ የሚለዩ ሴት ሆነዋል።

የኔታን ከጥቂት ዓመታት በፊት ቁርጥማት ያዛቸው። ቁርጥማት ስል ደመና ሲመጣ የሚነሣብንን የሁላችንን ቁርጥማት አይደለም። የእጃቸው አንጓ አብጦ ቀላ፤ ጠዋት ጠዋት ጣታቸውን ማጠፍ አቃታቸው፤ መቋሚያ የሚያስጨብጣቸው ተማሪ ሆነ። ማኅሌት ቆሞ ያደገ ሰው ተቀምጦ ሲያዜም ማየት ያሳዝናል። ቅጠሉንም ጠበሉንም ከሞከሩ በኋላ ባሕር ዳር ሄዱና አንድ ሐኪም ትንሽ ነጭ ኪኒን አዘዘላቸው። ለጥቂት ሳምንት ብቻ እንደምትወሰድ፣ ስትቆምም ቀስ በቀስ እየተቀነሰች እንደምትቆም፣ ከዚያም ለሌላ መድኃኒት ተመልሰው እንዲመጡ ነገራቸው።

ኪኒኗ ተአምር ሠራች። በሳምንቱ እብጠቱ ጎደለ፣ ጣታቸው ታጠፈ፣ የኔታ ቆመው አደሩ። እስቲ እናንተ ብትሆኑ እንዲህ ያለችን ኪኒን ታቆማላችሁ? በጸጥታው መደፍረስ መንገዱ አንድ ሰሞን ክፍት፣ አንድ ሰሞን ዝግ እየሆነ ወደ ሐኪሙ መመለሱ ቀረ፤ ኪኒኗ ግን አልቀረችም። ለንግድ ወደ ከተማ የሚመላለስ ዘመድ ባዶውን ማሸጊያ እያሳየ በየጊዜው ይገዛላቸው ነበር። ዓመት አለፈ፤ ሌላው ዓመት ተጀመረ።

በዚህ መካከል የአጎቴ ፊት ሞላ። ወፈሩ እንዳልል እጅና እግራቸው ያው የጥንቱ ቀጭን ነው፤ ፊታቸው ብቻ ክብ ሆኖ ጉንጫቸው ዐይናቸውን ወደ ላይ ገፋው። መጀመሪያ ሁሉም ተደሰተ። «እሰይ፣ አማረብዎ» ተባሉ። ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ።

በጾም ጊዜ የአገሩ ሰው ሁሉ ጉንጩ ይጎድላል። ካህኑ ይከሳል፣ ገበሬው ይከሳል፣ በሬው እንኳ ሣር ስለሚያጣ አብሮ ይከሳል። የየኔታ ጉንጭ ግን በጾሙ መግቢያም በሁለተኛው ሳምንትም ያው ሞልቶ ቀረ። ሰው መጀመሪያ አየ፤ ቀጥሎ እርስ በርሱ ተያየ፤ ከዚያ ማውራት ጀመረ። እኔ በዚያ ሰሞን መንገድ ተዘግቶ ትምህርት ስለተቋረጠ እነሱ ቤት ነበርሁ፤ ወሬውም ምንጭ ስወርድ ደረሰኝ። አንዲት ሴት እንስራዋን እየሞላች፣ የኔታ ቤት ጓሮ ዶሮ እየቀነሰ ነው ይባላል አለችና ወደ እኔ ሳታይ ሄደች።

ወሬ ወሬ ነው፤ ያልፋል። ቅኔ ግን አያልፍም። የምኩራብ እሑድ መሪጌታ ይልማ ተነሡ። እሳቸው የየኔታ የጥንት ተማሪ ናቸው፤ ምላሳቸው የተሳለ፣ ክፋት ባይኖራቸውም የመጣላቸውን ቅኔ መዋጥ የማይችሉ ሰው። በግእዝ የዘረፉት ቅኔ ሲፈታ እንዲህ ነው፦ የዘንድሮዋ የጾም ጨረቃ ምን ነካት፣ ጾሙ ሲገፋ እሷ አትጎድልም። ሰሙ የታወቀ ነው፤ የፋሲካ ቀን በጨረቃ ይሰላል። ወርቁን ለመፈለግ ግን የደብሩ ሊቃውንት ብዙ አልደከሙም። ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው አንድ ፊት ብቻ ነበር በዐይናቸው ሽፋሽፍት ሥር የሚያዩት።

የኔታ ቅኔውን በሥርዓቱ አመሰገኑ። ወደ ቤት ስንመለስ ስለ ዝናብ አወሩልኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ቤት እንደገቡ ከጥምጣማቸው ኪኒኗን አውጥተው ምድጃ ውስጥ ጣሏት። እትዬ አንጓችንም በሥላሴ ስም ገዘቷቸው፤ ስለ ኪኒኗ ለሰው እንዳይናገሩ፣ ለሐኪምም ለዘመድም። ይህን ያህል የሚያስገዝት ምን ነበረበት ትሉ ይሆናል። ኪኒኗ በባዶ ሆድ ስትዋጥ ጨጓራቸውን ታቃጥላቸው ነበር። ስለዚህ በጾሙም ቢሆን ጠዋት ጠዋት በቁራሽ ዳቦ ያስከትሏታል። ጾም ፈቱ ማለት ነው። የታመመ ሰው እንዲቀምስ ቀኖናው ይፈቅዳል፤ ይህንን ለስንቱ ያስተማሩት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። የንስሐ አባታቸውን ቢጠይቁ ኖሮ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ግን ለሰው የሚፈታ ሁሉ ለራሱ ይፈታል ማለት አይደለም። ሐሜቱ ውሸት ቢሆን ኖሮ የኔታ ስቀው ያልፉት ነበር። ያቃጠላቸው የቁራሿን ያህል እውነት ስለነበረበት ነው።

ከማግስቱ ጀምረው ጾማቸውን አጠበቁት። እስከ ማምሻ ውኃም አልቀመሱ። ጥቂት ቀን እንደሄደ አቅም ከዳቸው፤ ቁርጥማቱም ተመለሰ። ቀጥሎ ምግብ ሸተታቸው፤ የቀመሱትን መለሱት። እኔ ወባ ነው አልሁ፤ ጎረቤት ዓይን ነው አለ። በመፃጉዕ ሳምንት አንድ ጠዋት ለጸሎት ሊነሡ ሲሉ ጉልበታቸው ታጠፈና ወደቁ። ስንደርስ ላባቸው ቀዝቅዞ፣ ከንፈራቸው ነጥቶ፣ ተማሪዎቻቸውን በስማቸው ሳይሆን በሞቱ ጓደኞቻቸው ስም ይጠሩ ነበር።

ተማሪዎቹ ቃሬዛ አሰሩና ተሸክመው አስፋልት አደረሷቸው። አስፋልቱ ባዶ ነበር። ያን ሰሞን መኪና አይንቀሳቀስም ተብሏል፤ ባጃጅ የለም፣ ሚኒባስ የለም፣ ከብት የሚነዳ እንኳ የለም። ባዶ አስፋልት ዳር ሕመምተኛ አስቀምጦ መጠበቅን ለጠላቴም አልመኝ። ጆሯችን ሁሉ ቡሬ አቅጣጫ ተተከለ። የኔታ በየመካከሉ ዐይናቸውን ይገልጡና ይከድኗታል፤ በተከደነች ቁጥር እትዬ አንጓች እጃቸውን የኔታ አፍንጫ ሥር ያደርጋሉ፤ እስትንፋስ ሲያገኙ ይመልሱታል።

በመጨረሻ በርበሬ የጫነ አይሱዙ መጣ። ሾፌሩ ማንን ለምኖ፣ ምን ብሎ እንደወጣ አልጠየቅሁትም። መጀመሪያ ላይቆም ነበር፤ ቃሬዛውንና ጥምጣሙን ሲያይ ቆመ። ማንም ሲያስቆመው እኔ እንድናገር፣ እሱ እንደማይናገር ነግሮኝ አሳፈረን። የኔታን ከነቃሬዛቸው ጆንያው ላይ ጫንናቸው፤ እኛም አብረን ወጣን። የቡሬ በርበሬ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ለሐዘን ጊዜ አይሰጥም። እያለቀስን እናስነጥሳለን፣ እያስነጠስን እናለቅሳለን፤ የትኛው እንባ የማን እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ሁለት ቦታ ታጣቂዎች አስቆሙን። ሁለቱም ቦታ ወደ ላይ የወጣው ሰው የየኔታን ፊት አየ፣ አስነጠሰና ሂዱ አለን።

ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ስንደርስ የተቀበለችን ዶክተር ሕይወት የምትባል ወጣት ሐኪም ነበረች። ግፊታቸውን ለካች፤ ደገመች፤ ፊቷ ተለወጠ። ስኳራቸውም ወርዷል። ግሉኮስ ሰቀለች፣ ደም አስመረመረች፤ ወባ የለም። የሚንጠባጠበው ፈሳሽ ገባ፣ ሌላ ተተካ፤ ግፊቱ ግን ትንሽ ቀና ይልና ተመልሶ ይወርዳል፤ ቀዳዳ ማድጋ እንደመሙላት። ዶክተሯ ቆማ አሰበችና ወደ እኛ ዞረች።

«የሚወስዱት መድኃኒት ነበር?»

እትዬ አንጓች መሬት መሬት አዩ። «ጠበል ብቻ» አሉ።

ዶክተሯ ደግማ ጠየቀች፤ መልሱ ያው ሆነ። ልትሄድ ስትል እትዬ አንጓች የነጠላቸውን ጥለት በጣታቸው ሲጠመዝዙ አየሁ። አንድ ክር ተበጥሶ እጃቸው ላይ ቀረ። ጠጋ ብዬ ምነው እትዬ አልኋቸው። ከዚያ በቀስታ፣ እኔን ሳይሆን ግድግዳውን እያዩ ተናገሩ።

«ልጄ፣ እኔ ተገዝቻለሁ። ስለ ምን እንደሆነ መናገርም አልችል። ስለ ጨረቃ ግን አልተገዘትሁም።»

«ስለ ጨረቃ ምን?»

«ያቺ መሪጌታ ይልማ ያያት ጨረቃ በዳቦ አልሞላችም። ጠዋት ጠዋት የሚሞላት ትንሽ ነጭ ነገር ነበረ። ኸምኩራብ ወዲህ ግን እሳት በላው። እሱ ኸተቋረጠ ወዲህ ነው እሷም የጠለቀች። እኔ የምናገር ስለ ሰማይ ነው።»

«ስንት ጊዜ ነው ሲሞላት የኖረው እትዬ?»

«ሁለት ክረምት አለፈ።»

ዶክተሯ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ኖሯል። የደብረ ማርቆስ ልጅ ናት፤ ሰሙን ለሰማይ ትታ ወርቁን ይዛ ተመለሰች። ያ የከበደው ቁርጥማት በምን እንደለቀቃቸው ጠየቀችኝ፤ ባሕር ዳር የታዘዘላቸውን ኪኒን ድሮ የጨረሱት መስሎኝ እንደነበር ነገርኋት። የየኔታን ፊት እንደ አዲስ አየች፤ የክንዳቸውን ቆዳ ቆንጠጥ አደረገች፤ እንደ ስስ ወረቀት ሆኗል፣ እዚህም እዚያም በልዟል። ኪኒኗ ምን እንደሆነች ያን ጊዜ ገባት፤ ፕሬድኒሶሎን ናት። አሁን የሚያስፈልጋቸው የዚያው ዓይነት መድኃኒት በደም ሥር፣ ያውም በቶሎ ነው አለች። ነርሷ ሮጠች። መንገድ በተዘጋበት ሰሞን መድኃኒት ቤቱ ምን እንደቀረለት አይታወቅም፤ መመለሷን የጠበቅንባት ጊዜ ስንት እንደሆነች አልነግራችሁም፤ ረዥም ነበረች። ጥቂት ብልቃጥ ይዛ መጣች።

መርፌው ገባ። ማምሻውን ግፊታቸው ቀና አለ፤ አልወረደም። የኔታ ዐይናቸውን ገለጡና እትዬ አንጓችን በስማቸው ጠሯቸው። ከዚያ በትክክል መጠየቅ የሚገባቸውን ጠየቁ፦ «ተናገርሽ?»

«እኔ ስለ ጨረቃ ነው የተናገርሁ» አሉ እትዬ አንጓች።

የኔታ «ፍቺው ላይ የደረሰ ሰው ነው ጥፋተኛው» አሉና ተመልሰው ተኙ።

ከሁለት ቀን በኋላ ዶክተሯ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አስረዳቻቸው። ከኩላሊት በላይ ያሉ ትናንሽ ዕጢዎች ይህንኑ የመሰለ ነገር ለሰውነት በየቀኑ ያመርታሉ፤ ከውጭ ሲመጣላቸው ግን ሥራቸውን ትተው ይተኛሉ፤ ከውጭ የሚመጣው ድንገት ሲቀር እነሱ ገና አልነቁም፤ ሰውየው በመካከል ባዶውን ይቀራል። የኔታ ይህ ገባቸው። ያልገባቸው ትንሿ ኪኒን ቁርጥማታቸውን እንዴት እንዲህ እንዳዘዘችው ነው። መድኃኒት ሁሉ በር ላይ ቆሞ የሚያንኳኳ መስሏቸው ነበር። ይቺኛዋ አታንኳኳም አለቻቸው ዶክተሯ። የሕዋስን ሽፋን አልፋ ትገባለች፤ ውስጥ የሚጠብቃት ተቀባይ አላት፤ ሁለቱ ተያይዘው የሰውነት ትእዛዝ ሁሉ ወደተጻፈበት ወደ ኒውክለስ ይዘልቃሉ። እዚያ ይህ ይነበብ፣ ያ ይታጠፍ ይላሉ። የእብጠቱ ትእዛዝ ስለታጠፈ ነው ጣትዎ የታጠፈልዎ። ግን ተቀባዩ የሚኖረው በመገጣጠሚያ ብቻ አይደለም፤ በአጥንትም በቆዳም በጉንጭም አለ፤ በሄደበት ሁሉ ያዝዛል። ለጡት ካንሰርና ለእንቅርት የሚሰጡ አንዳንድ ኪኒኖችም ወደዚያው ክፍል የሚገቡት በዚህ ተቀባይ ዘመዶች በኩል ነው። ሕመሙን ብቻ አዝዞ አጥንቱን የሚተው መድኃኒት ሊቃውንቱ ይፈልጋሉ፤ ገና በሙሉ አልተሳካላቸውም። የሞላውን ፊት ደግሞ እኛም በመጽሐፋችን የጨረቃ ፊት ነው የምንለው አለች እየሳቀች።

የኔታ ስለ ጨረቃው አልሳቁም።

«ቤተ ክርስቲያን ሦስት ክፍል አላት» አሉ። «ቅኔ ማኅሌት ማንም ይቆማል። ቅድስት የሚገባው ይገባል። መቅደስ ግን ለቀዳሹ ብቻ ነው። እኔ እንግዲህ ያለ ፈቃድ መቅደስ የሚገባ ቀዳሽ ቀጥሬ፣ ቅዳሴው እኩሌታ ላይ ሲደርስ በአለንጋ አባረርሁት።»

ዶክተሯ ከዚህ የተሻለ ማስረዳት እንደማትችል ነገረቻቸው። ከዚያ ቀዳሹ በሥርዓቱ የሚሸኝበትን መንገድ አሳየቻቸው፤ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ እየተቀነሰ፣ በሐኪም ዐይን ሥር፤ ለቁርጥማቱም መንገድ ሲከፈት ባሕር ዳር ሌላ መድኃኒት ተፈልጎ።

የኔታ ለኒቆዲሞስ እሑድ ደብራቸው ተመለሱ። በርቀት ሲታዩ ቀጭን፣ በቅርብ ሲታዩ ክብ ነበሩ። ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ እንዲቆይ ለመኑና ቆሙ። ሊቃውንቱ ቅኔ ጠብቀው ጆሯቸውን አቆሙ። የኔታ ግን በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ሰም ተናገሩ። ኪኒን እንደሚወስዱ፣ በጾም ዳቦ እንደቀመሱ፣ ለንስሐ አባታቸው ሳይናገሩ እንደደበቁ፣ አፍረው በአንድ ጊዜ እንደጣሏትና ሞት ደጃፍ እንደደረሱ አንድ በአንድ ነገሯቸው። ከጓዳው የደበቀ ካለ ሄዶ ለሐኪም ያሳይ፣ በራሱ አይጀምር፣ በራሱም አያቁም አሉ። መሪጌታ ይልማ ከመካከል ወጥተው የየኔታ ጉልበት ላይ ወደቁና ይፍቱኝ አሉ። የኔታ አነሧቸው፤ ቅኔው ቤቱ ያልጎደለ፣ ምስጢሩ ግን የጎደለ እንደነበረ ነገሯቸው። እትዬ አንጓች ግዝት አፍርሰዋል አላፈረሱም የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልተቋጨም፤ አብዛኞቹ ሊቃውንት ሰም ግዝት አያፈርስም ወደሚለው ያደላሉ።

እኔ እንባዬን እየጠረግሁ ከግቢው ስወጣ አንዲት ሴት እጄን ይዘው ወደ ዋርካው ጥላ ሳቡኝ። ልጃቸውን የሚድሩት ለዳግም ትንሣኤ ነው፤ ልጅቷ ደግሞ ጾሙ ጎድቷት ፊቷ ጠውልጓል። የኔታ የነገሩንን ሁሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰምተዋል። የፈለጉት የኪኒኗን ስም ብቻ ነበር።

ተቀመጥሁ። ስለ ዕጢዎቹ ነገርኋቸው፣ ስለ አጥንት፣ ስለ ቆዳ፣ ስለ ስኳር፣ የኔታ እንዴት እንደወደቁ፣ በርበሬው ላይ እንዴት እንደተጫኑ፣ መርፌው ባይገኝ ምን ይሆን እንደነበረ። ሴትዮዋ በትዕግሥት አዳመጡኝ። አንድም ጊዜ አላቋረጡኝም። ስጨርስ እንደ እናት ትከሻዬን ደባበሱኝ።

«እሱስ ልክ ነሽ እቴ» አሉ። «ግን ለሰርጉ ሳምንት ብቻ ቢሆንስ?»